የሐርጌሳ ጀምበርና የጠቆረው ፊት

ሐርጌሳ ላይ ጀምበር የምትጠልቀው ከአዲስ አበባ 21 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው። በሁለቱም ከተሞች የእጅ ሰዓት አንድ ዓይነት ይቆጥራል፤ ነገር ግን ሐርጌሳ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 5 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ርቃ ስለምትገኝ፣ ምድርም አንዱን ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ እዚያ የመጨረሻዋ ጭላንጭል ከአድማስ በታች ስትሰወር አዲስ አበባ ላይ ልጆች ገና በፀሐይ ይጫወታሉ። ከጅጅጋ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 5 ደቂቃ፣ ከሐረር ጋር 8 ደቂቃ ያህል ነው፤ ቤተሰቡ ባሕር ዳር የሚገኝ ሰው ደግሞ 25 ደቂቃ ገደማ ሊቆጥር ይችላል።

ይህን ስሌት ያቀረብነው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። በቶጎ ውጫሌ በኩል ተሻግሮ ለሥራ ሐርጌሳ የሰነበተ ሰው በኪሱ በያዘው ስልክ ጀምበሯን አንሥቶ ወዲያው ቢልክ፣ ፎቶው ከጀምበሯ ቀድሞ ከቤቱ ይደርሳል። ባለቤቱም ፎቶውን አይታ፣ ልጆቿን አስከትላ ወደ ደጅ በመውጣት ያችኑ ጀምበር በገዛ ዓይኗ ልትሸኛት ትችላለች። ደብዳቤ ሳምንታትን አቆራርጦ ይደርስ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ከተረት አይለይም ነበር።

ይሁን እንጂ የሚላከው ፎቶ ምን ይዞ እንደሚደርስ ሌላ ጉዳይ ነው። በቅርቡ አንዲት ወይዘሮ፣ ባለቤታቸው ከሐርጌሳ የላኩላቸውን ፎቶ አሳይተውን ነበር። ሰማዩ ከብርቱካን እስከ ወይን ጠጅ በሚደርስ ቀለም ያሸበረቀ ነው፤ ከታች የቤቶች ጣሪያና የአንድ መስጊድ ሚናራ ይታያሉ፤ መሐል ላይ ደግሞ ከሰል የመሰለ የሰው ቅርጽ ቆሟል። የአራት ዓመት ልጃቸው ፎቶውን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ከተመለከተ በኋላ «አባዬ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቲቱ ጥቁሩን ቅርጽ በጣታቸው ሲያመለክቱት ልጁ ራሱን ነቀነቀና አላመነም። ፎቶው እንደ ሰማይ ፎቶ እንከን አልነበረበትም። እንደ አባት ፎቶ ግን ባዶ ነበር።

የዛሬው ዓምዳችን ይህን ይመለከታል። ነገሩ የካሜራ ርካሽነት ወይም ውድነት አይደለም።

የዛሬው የስልክ ካሜራ፣ ከጥንቶቹ ባለፊልም ካሜራዎችም ብዙዎቹ፣ የብርሃን መለኪያ አላቸው። ይህ መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ሰው ይሁን ተራራ፣ ሰርግ ይሁን ለቅሶ ለይቶ እንዲያውቅ ተደርጎ የተሠራ አይደለም። የተሠራው በአንድ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ይኸውም በዓለም ላይ ያለው ትዕይንት ሁሉ ብርሃኑና ጥላው ተቀላቅሎ ሲታይ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል፣ ይህም ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን መልሶ የሚያንጸባርቅ ነው የሚል ግምት ነው። በቀትር፣ በሜዳ ላይ፣ ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ይፈርሳል። ፀሐይዋ በመሐል ከገባች መለኪያው በብርሃኗ ይደናገጥና ሁሉንም ያጨልማል፤ ጥቁር ኮረብታ ወይም ግንብ አብዛኛውን ቦታ ከያዘ ደግሞ መለኪያው «ጨለመ» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ የሰማይ ቀለም ውሃ እንደ ነካው ሥዕል ነጥቶ ይቀራል። የአሁኖቹ ስልኮች ከቀድሞዎቹ የተሻለ ብልሃት አላቸው፤ የሰውን ፊት ለይተው የሚያውቁም አሉ። ቢሆንም ጀርባውን ለጀምበር ሰጥቶ ከቆመ ሰው ፊት ላይ የሌለን ብርሃን ከየትም ሊያመጡ አይችሉም።

ታዲያ የሰው ዓይን ሁለቱንም እንዴት ያያል? ቢሉ፣ ዓይናችን ከሰማዩ ወደ ፊቱ፣ ከፊቱ ወደ ሰማዩ በተመላለሰ ቁጥር ራሱን ያስተካክላል፤ አእምሯችንም ሁለቱን አጋጥሞ አንድ ትዕይንት ያደርግልናል። ካሜራ በአንድ ቅጽበት አንዱን ይመርጣል። እኛ ካልመረጥንለት እርሱ ይመርጣል።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ እንለፍ። ዋናው ብልሃት ፀሐይዋን ሳይሆን ከፀሐይዋ አጠገብ ያለውን ሰማይ መለካት ነው። ካሜራውን ፀሐይዋ በማትገባበት አኳኋን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘወር አድርጎ፣ በዚያ የተገኘውን ልክ ይዞ፣ ከዚያ በኋላ ወደሚፈለገው ትዕይንት መመለስ። በስልክ ከሆነ ደማቅ ከሆነው የሰማይ ክፍል ላይ ጣትን አሳርፎ ለጥቂት ጊዜ ሳያነሡ ማቆየት ነው፤ በብዙዎቹ ስልኮች ልኩ እዚያው ይቆለፋል። አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ብቅ ስትል ጣትን ወደ ታች መሳብ ምስሉን ያጠቁረዋል፤ ወደ ላይ መሳብ ያነጣዋል። ይህች ምልክት በእጃቸው እያለች ሳያስተውሏት ዓመታት ያሳለፉ ብዙዎች ናቸው።

ባለፊልም ካሜራ ያላቸው፣ ወይም በእጅ የሚስተካከል ዲጂታል ካሜራ የያዙ፣ የሚከተሉትን ቁጥሮች በማስታወሻቸው ላይ ቢያሰፍሩ ይጠቅማቸዋል። አሳ 100 በሆነ ፊልም፣ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር 8 ላይ ሆኖ፣ ጀምበሯ ከአድማስ በላይ ዝቅ ብላ ሳለች ከ1/250 እስከ 1/60 ሴኮንድ የሚደርስ ፍጥነት ይበቃል። ጀምበሯ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ፍጥነቱ ወደ 1/30፣ ከዚያም ወደ 1/15፣ ወደ 1/8 ይወርዳል። እያንዳንዱ እርከን ከቀደመው እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህም ከ1/60 እስከ 1/8 ያለው ልዩነት ስምንት እጥፍ ያህል ነው፤ ይህ ሁሉ ለውጥ የሚከናወነው አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሶቪየት ኅብረት ይሠራ የነበረው ዜኒት-ኢ (ከአንዳንድ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ እስከ ዛሬ ያልወጣ ይኖራል) ከ1/30 በታች የተወሰነ ፍጥነት የለውም፤ የዚህ ካሜራ ባለቤት ፍጥነቱን 1/30 ላይ አቁሞ ቀዳዳውን ወደ 4 መክፈት ይኖርበታል። የዜኒቱ መለኪያ ከሌንሱ በላይ የተለጠፈና የፊቱን ሁሉ በአንድነት የሚያይ በመሆኑ፣ ፀሐይዋን ለማስወጣት በእጅ መዳፍ ከለል ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከ1/30 በታች የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። የእጅ ጥንካሬ የሚለካበት አይደለም፤ ትንፋሽና የልብ ምት ብቻ ይበቃሉ። በግንብ ጠርዝ ላይ ማሳረፍ፣ በአሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ ማስደገፍ፣ ይህም ካልተገኘ በግድግዳ ተደግፎ ትንፋሽን እንደ ተኳሽ መያዝ ነው። በዚህ ረገድ የሠራዊቱ አባል ከሌላው ሰው የበለጠ ሥልጠና አለው ብለን እንገምታለን።

ጥርጣሬ ሲኖር ሦስት ጊዜ ማንሣት ይጠቅማል፦ አንዱን በተለካው ልክ፣ ሁለተኛውን አንድ እርከን አጨልሞ፣ ሦስተኛውን አንድ እርከን አንጥቶ። በፊልም ዘመን ይህ ምክር ኪስ ይጎዳ ነበር፤ 36 ቅጽ ብቻ ለያዘ ጥቅል ሦስት ጊዜ መተኮስ የቅንጦት ያህል ነበር። ዛሬ በስልክ ምንም አያስወጣም። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በስልክና በዲጂታል ካሜራ ነጥቶ የጠፋ ሰማይ በምንም ዘዴ ስለማይመለስ ስሕተቱ ወደ ማጨለም ቢያደላ ይሻላል፤ በባለቀለም ኔጋቲቭ ፊልም ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፊልሙ ትርፍ ብርሃንን ሲችል፣ ብርሃን ያልደረሰው ጥላ ግን ለዘላለም ባዶ ነው። ለአንዱ የሚሠራውን ምክር ለሌላው የሚያስተላልፉ ብዙ ናቸውና ይጠንቀቁ።

ወደ ከተማዋ እንመለስ። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ተኩል ላይ የምትገኝ ናት። ከወገብ ይህን ያህል ቅርብ በመሆኗ ጀምበሯ እንደ ሰሜን አገሮች በአድማሱ ላይ በሰያፍ እየተንሸራተተች አትሰነብትም፤ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። የታችኛው ጠርዟ አድማሱን ከነካ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለመሰወር ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ይበቃታል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጋገንም ከ20 ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም፤ በሰኔ ወር ስቶክሆልም ላይ ግን ይኸው ወጋገን ከአንድ ሰዓት በላይ ይዘልቃል። በአውሮፓውያን የተጻፉ የፎቶ መጻሕፍት «ተረጋጉ፣ ጊዜ አለ» ሲሉ ለራሳቸው ሰማይ ነው። የእኛ ሰማይ ጊዜ አይሰጥም። ካሜራው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ቦታው አስቀድሞ ተመርጦ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጀምበሯ የምትጠልቅበት ሰዓትም በዓመት ውስጥ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው የሚለዋወጠው፤ በኅዳር ከ11 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ በሐምሌ ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ይጠጋል።

ቀለሙ ከየት ይመጣል? ፀሐይ ዝቅ ባለች ጊዜ ብርሃኗ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው አናት ላይ ሳለች ከሚያልፈው አየር 38 እጥፍ ያህሉን ሰንጥቆ ነው። በዚህ ረጅም ጉዞ ሰማያዊው ብርሃን በአየሩ ቅንጣቶች እየተበተነ ሲቀር ቀዩና ብርቱካኑ ይደርሳል። ይህን በስሌት ያስረዳው እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ነበር፤ ዘመኑም 1871 እ.ኤ.አ. ነው። አቧራ ሲበዛ ቀለሙ ይደምቃል የሚለው የተለመደ እምነት ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. የክራካታው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ወደ ላይኛው የአየር ክፍል የወጣው ረቂቅ ብናኝ በዓለም ዙሪያ ሰማዩን ለወራት ደም አስመስሎት ነበር፤ ከመኪና ጎማና ከከብት ኮቴ የሚነሣው ወፍራም አቧራ ግን ቀለሙን ሁሉ አንድ ላይ በትኖ ሰማዩን ያደፈርሰዋል። በመሆኑም በሐርጌሳ መልካሙ ጊዜ ዝናብ አቧራውን አጥቦ ባለፈበት፣ ጥቂት ደመናም በስተምዕራብ ከፍ ብሎ በቀረበት ምሽት ነው። ደመና የሌለበት ጥርት ያለ ሰማይ ለፎቶ ደረቅ ነው።

ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ማሮዲ ጄሕ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ግን የሚቀሩት ኩሬዎች ሰማዩን ይመልሳሉ። በኩሬው ውስጥ ያለው ሰማይ ከላዩ ይልቅ ጠቆር ስለሚል፣ ልኩን ከላይኛው ሰማይ መውሰድ አይዘንጋ።

ናሳ ሃብሎድ የሚባሉት ሁለቱ መንትያ ኮረብቶች ደግሞ ከከተማዋ በስተሰሜን ይታያሉ። ስማቸው በሶማልኛ የልጃገረድ ጡት ማለት ነው፤ ቅርጻቸውን ያየ ሰው ስሙን ለማስታወስ አይቸገርም። እንግዳ የሆነ ሰው ጀምበሯን ከእነርሱ ጋር አጣምሮ ለማንሣት ሲሞክር ይታያል፤ ከከተማዋ መሐል ሆኖ ግን ይህ አይሆንም፤ ጀምበር የምትጠልቀው በስተምዕራብ ነው፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል ብታዘነብል እንጂ ከዚያ አታልፍም። ይልቅስ ጀርባን ለጀምበሯ ሰጥቶ ኮረብቶቹን መመልከት ነው። የመጨረሻው ብርሃን ድንጋያቸውን ሲያቀላው፣ ግራ ጎናቸው ሲበራና ቀኝ ጎናቸው ሲጠቁር፣ ከጀምበሯ ከራሷ የተሻለ ፎቶ እዚያ ይገኛል። እንዲያውም በእኛ አስተያየት ጀምበርን ብቻዋን ማንሣት ብዙም ጥቅም የለውም። ብቻዋን የተነሣች ጀምበር ሐርጌሳ ትሁን ሐዋሳ ማን ይለያታል? ከዚህም በላይ ዓይናችን አድማስ ላይ እንደ ምጣድ ሰፍታ ያያት ጀምበር በእርግጥ አልሰፋችም። በመደበኛ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፊልሙ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ «ያቺ ምጣድ ወዴት ሄደች?» የሚያሰኘው ይህ ነው። እርሷን ለማጉላት 200 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሌንስ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ሐውልቱ እንናገር። በሐርጌሳ መካከል፣ ከፍ ባለ መሠረት ላይ፣ አንድ ሚግ-17 የጦር አውሮፕላን ተሰቅሏል። የሚጎበኘው ሰው ሁሉ በጀምበር መጥለቂያ ሊያነሣው ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ ከጣሪያዎች በላይ በመሆኑ ቀይ ሰማይ ከጀርባው ሲውል ጥቁር ጥላው ጥርት ብሎ ይወጣል። በልኩ አነጋገር ከዚህ የሚቀል ፎቶ የለም። ሰማዩን ለክቶ መተኮስ ነው።

ነገር ግን ይህ አውሮፕላን ለምን እንደ ተሰቀለ ማወቅ ይገባል። በግንቦት ወር 1980 ዓ.ም. የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ቡርዖና ወደ ሐርጌሳ በገቡ ጊዜ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ ከሌላ አገር የመጡ አልነበሩም፤ ከዚያችው ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ሐርጌሳን ደብድበው እዚያው ተመልሰው ያርፉ ነበር። ከተማዋ በአብዛኛው ፈረሰች። ሕዝቧ በእግሩ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን ጎረፈ። በጅጅጋ አቅራቢያ የነበረው የሐርትሼክ መጠለያ ከ200,000 በላይ ስደተኞችን ያስጠለለበት ጊዜ ነበር፤ የተዘጋውም ስደተኞቹ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1996 ዓ.ም. ነው። በምሥራቅ ያገለገሉ የሠራዊታችን ነባር አባላትና የጅጅጋ ቤተሰቦች ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩ ናቸው።

በሐውልቱ መሠረት ላይ የዚያን ጊዜውን መከራ የሚያሳዩ ሥዕሎች ተሥለዋል። እንግዲህ የብርሃን ልክ ጉዳይ የቴክኒክ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ሰማዩን ለክቶ የሚያነሣ ሰው አውሮፕላኑን ያገኛል፤ ሥዕሎቹን ግን በጨለማ ይውጣቸዋል። የሚቀረው በቀይ ሰማይ ላይ የሚበር ያማረ የጦር አውሮፕላን ነው፤ ሳያውቅ የሚያየው ሰው የድል ሐውልት፣ የአየር ኃይል ማስታወቂያ ነው ቢል አይፈረድበትም። ሥዕሎቹን ለክቶ የሚያነሣ ደግሞ ሰማዩ ነጥቶ ይጠፋበታል፤ ከቀለሙ ይልቅ ነገሩ ይቀርለታል። ሐውልቱ ያቆመው ሕዝብ ሊናገር የፈለገው በመሠረቱ ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ እዚያ ለሚደርስ አንባቢ የምንሰጠው ምክር፣ ጀምበሯ ከመጥለቋ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ በመገኘት፣ ፀሐይዋ ከጀርባ ሆና ዝቅተኛው ብርሃን በሥዕሎቹ ላይ በሚያርፍበት በኩል ቆሞ ማንሣት፣ ጥላ ብቻ የሚታይበትን ፎቶ ከዚያ በኋላ ቢፈልግ መጨመር ነው። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ቤተሰብ ታሪኩን ይጠይቃል፤ አባትም ይነግራል።

ስለ ሰው ፊት ያለው መፍትሔ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰውየው ጀርባውን ለጀምበር በመስጠት ፋንታ ፊቱን ይስጣት። ዝቅ ያለች ጀምበር እንደ ቀትር ፀሐይ ዓይን አታስጨፍንም፤ ግንባርና አፍንጫ ሥርም ጥቁር ጥላ አትጥልም፤ ቆዳን በወርቃማ ብርሃን ታለሰልሳለች። እናቶች ልጆቻቸውን ለአባት ለመላክ ሲያነሡ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አያገኙም። ነጭ ወይም ክሬም ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከኋላ ቢኖር ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

የግድ ሰማዩም ፊቱም በአንድነት ይግቡ የሚል ካለ አንድ የቤት ብልሃት አለ። ነጭ ጋቢ አራት እጥፍ ተደርጎ፣ ሌላ ሰው በፎቶው ውስጥ ሳይገባ ከሚነሣው ሰው ፊት ለፊት በደረቱ ትይዩ ቢዘረጋው፣ የሰማዩን ብርሃን መልሶ ወደ ፊቱ ይጥልለታል። ነጠላም ይሠራል፤ ሳስቶ ብርሃኑ ስለሚያልፍበት ግን እጥፉን ማብዛት ነው። ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ ገንዘብ አውጥተው ብርማ ሸራ ይገዛሉ። ፍላሽም ይቻላል፤ ሆኖም ከቅርብ፣ በአነስተኛ ኃይል ካልሆነ በቀር ፊቱን እንደ ኖራ ያደርገዋል። ስልኮች ብዙ ምስሎችን በቅጽበት አንሥተው የሚያዋሕዱበት ዘዴ ደግሞ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ልጅ ከተንቀሳቀሰ ሁለት አፍንጫ ሊያወጣለት ይችላል። ስልኩ በራሱ ጊዜ ቀይ ብርሃኑን «ላስተካክል» ብሎ ወደ ነጭ ሲመልሰውም ይታያል፤ የቀለም ሚዛኑን የቀን ብርሃን ላይ ማቆም ይህን ይከላከላል። ከተነሣ በኋላ ቀለሙን በመጨመር ሰማዩን ሎሚናድ ማስመሰል ግን ጣዕም ማጣት ነው፤ ከዚህ በላይ አንልም።

ጥንቃቄን በሚመለከት ሦስት ነገሮች ሳይነሡ አይታለፉም። በመስታወት ማነጣጠሪያ፣ በተለይም በረጅም ሌንስ ወይም በርቀት መነጽር፣ ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት ዓይንን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ሳያም ነው የሚመጣው። ጀምበሯ ቀልታ የደከመች ብትመስልም ያው ናት። በስልክ መስታወት ላይ ማየት ይህ አደጋ የለውም።

ሁለተኛው የወታደር ጉዳይ ነው። ያማረው ሰማይ ሥር ምን እንዳለ ሳይመረመር ፎቶ አይላክም። የካምፕ አጥር፣ የጥበቃ ማማ፣ የመገናኛ ምሰሶ፣ ኬላ፣ አየር ማረፊያ፣ የተሽከርካሪ ሰልፍ በጥላ መልክም ቢሆን ለሚያውቅ ዓይን በቂ ነው። ስልክ ደግሞ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የተነሣበትን ቦታና ሰዓት በስውር ጽፎ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ የቦታ ጠቋሚው በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ መዘጋቱ ይረጋገጥ። ሚስቶችም የተላከላቸውን ፎቶ በማኅበራዊ መገናኛ ከመለጠፋቸው በፊት ባላቸውን ቢጠይቁ ጥርጣሬ ሳይሆን ጥበቃ ነው።

ሦስተኛው የአገሬው ክብር ነው። በሐርጌሳ ጀምበር የምትጠልቅበት ቅጽበት የመግሪብ ሶላት የሚጠራበት ቅጽበት ነው፤ በረመዳን ደግሞ የጾም መፍቻ ነው። በመንገድ ዳር ለሶላት የቆመን ሰው፣ ሴቶችን፣ የብር ክምር ዘርግተው የሚቀመጡትን መንዛሪዎች ሳያስፈቅዱ ማንሣት ነውር ነው፤ ጠብም ያስከትላል። ሰላምታ አቅርቦ በምልክት እንኳ መጠየቅ ይበቃል፤ እንቢ ካሉም ካሜራውን ዝቅ ማድረግ።

ለማጠቢያ ቤት የሚሰጡ አንባብያን ደግሞ ከአሥሩ አንዱን መርጠው በወረቀት ቢያሳትሙት መልካም ነው፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋልም። በፎቶው ጀርባ ላይ ስም፣ ከተማና ቀን ይጻፍ፤ የክፍል ስምና ቁጥር ግን አይጻፍ። ኳስ ብዕር ተጭኖ ከተጻፈበት ጽሑፉ በፊት ለፊቱ በኩል፣ ብዙውን ጊዜም ልክ በፊት ላይ፣ አብጦ ይወጣልና ለስላሳ ጫፍ ያለው ብዕር ይሻላል። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስም አንዱን በሌላው ላይ አይደራርቡት። ፎቶ በእርጥበት ወራት በአልበም ውስጥ እንዳይጣበቅ ስለሚደረገው ጥበቃ በሚመጣው እትም እንመለስበታለን።